ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን የማን ነው?

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን የሚገኘውን ደንና የግጦሽ መሬት ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ጋር በጋራ እንድናስተዳድር ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሆኖም ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ አልቆ ይመጣና እኛ እጅ እናወጣለን። ሥራውን በእርግጥ ነዋሪው እየመራው መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ደንቡ እንደማይሠራ በተግባር ሲታይ የማሻሻል ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ችግኝ መትከልና እርከን መሥራት ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ማን፣ መቼና ምን ያህል እንዲጠቀም የሚወስነው ሌላ አካል እስከሆነ ድረስ ነዋሪው ያዋጣው ጉልበቱን ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ በጋራ የሚያዝ ግጦሽ መራቆቱ እንደማይቀር ተከራክረው ነበር፤ እሳቸው የገለጹት ግን ደንብም ጠባቂም የሌለውን መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለዘመናት የዘለቁ የጋራ ይዞታዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከእነዚህ በአንዱ፣ በስዊዘርላንድ የቶርበል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1517 የተጻፈ ደንብ ማንም ነዋሪ በብርዱ ወራት ሊቀልባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ጋራው የተራራ ግጦሽ እንዳይልክ ያዝዝ ነበር። የማን በረት ስንት እንደሚይዝ ጎረቤት ስለሚያውቅ ቁጥጥሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከሩቅ ሆኖ ደንብ የሚያረቅ ባለሙያ እንዲህ ያለውን መለኪያ በቀላሉ አያገኘውም።

ይህ ማለት ግን መንግሥት ከነገሩ ይውጣ ማለት አይደለም። ወሰኑን በሕግ ማጽናትና ከውጭ የሚመጣን ወራሪ መከላከል ከኮሚቴ አቅም በላይ ነው። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው የደን ሕግ የመሬቱን ባለቤትነት ለመንግሥት አስቀርታ፣ ለደን ተጠቃሚ ቡድኖች ሕጋዊ ሰውነት፣ ማለትም በራሳቸው ስም የመዋዋልና የመክሰስ መብት፣ ሰጥታለች፤ ቡድኖቹም በጸደቀ ዕቅድ መሠረት ምርቱን ይሸጣሉ፣ ገቢውንም ያስተዳድራሉ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ነዋሪው ተስማማ ሲባል ድምፁ የተሰማው ብዙ ከብት ያለው ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ደን ሲከለል ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶችና መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ በውይይቱ ካልነበሩና ምትክ ካልተዘጋጀላቸው ችግራቸው ደንቡን ያስጥሳቸዋል፣ የሚቀጡትም እነሱው ይሆናሉ። ስለዚህ ክልከላው ከመጽናቱ በፊት ለብቻቸው ማነጋገር፣ ለምሳሌም ደረቅ እንጨት የሚለቀምበትን ቀን በደንቡ ማስፈር ያስፈልጋል። ቅጣቱም ለመጀመሪያ ጥፋት ቀላል ሆኖ ሲደጋገም እየከበደ የሚሄድ ቢሆን ይሻላል።

እርስዎ በሚቀጥለው ስብሰባ መተዳደሪያ ደንቡ እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ጠቅላላ ጉባኤው በድምፁ ሊያሻሽላቸው የሚችላቸው አንቀጾች በጽሑፍ እንዲለዩ፣ ሒሳቡም ለሁሉም እንዲቀርብ ያሳስቡ። ድርጅቱ ሥራውን ሲያጠናቅቅ ጥበቃውን ማን፣ በምን ገንዘብ እንደሚቀጥልም ከአሁኑ ይወሰን።