ወሬ አትቀይሪባቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጀርመን ውስጥ አንዲት አረጋዊት ሴት ትንከባከቢያለሽ። ሴትየዋ በ1950ዎቹ አሜሪካ የሄደ ወንድማቸውን ባነሱ ቁጥር ያለቅሳሉ። «ወሬ ልቀይርባቸው ወይስ ላስወራቸው? ቤተሰቡንስ ማግኘት ይቻላል?» ነው ያልሽው። እኔም ብሬመርሃቨን ቤት ለቤት እየዞርኩ ስሠራ ልክ እንዲህ ያሉ ሴት ገጥመውኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ የሥራችን ደንብ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ በፈረንጅ ነው የማወራው።

እውነቴን ነው፣ ስደት የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጅ ይጓዛል እንጂ ይሰደዳል ብዬ አላስብም ነበር። ብሬመርሃቨን ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም የተሳፈረበት ወደብ ነው። ከ2005 ጀምሮ የስደተኞቹ ሙዚየም አለው። የኔዋን ሴትዮ በተሽከርካሪ ወንበር ልወስዳቸው ብል «እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም፣ እኔ ቀሪዋ ነኝ» ብለው እምቢ አሉኝ።

የተወለዱት በ1936 ነው። በሴፕቴምበር 1944 ከተማዋ በቦምብ ስትነድ የነሱም ቤት አብሮ ነደደ። አባት ከጦርነቱ አልተመለሱም። እናትና ሁለት ልጆች ከከተማ ወጣ ብላ ያለች የአያቶቻቸው ቤት ገቡ። ቤቷ ከምሥራቅ ተፈናቅለው በመጡ ሰዎች ተጨናንቃ፣ ሦስቱም በአንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት። ወንድምየው ሥራ ነበረው፣ የሚያገባበት ጎጆ ግን የለውም። በ1923 የጀርመን ማርክ ዋጋ ካጣ በኋላ ኒውዮርክ የገባ አጎት ነበራቸው። እሱ ስፖንሰር ሆነው። ዋስ፣ የጤና ምርመራ፣ ቪዛ፣ ወራት መጠበቅ። ሲያወሩኝ ያገሬ ልጅ ስለ ፕሮሰሱ የሚነግረኝ ነበር የሚመስለኝ።

በ1954 ሄደ። ተሳፋሪዎች ከመርከቡ ባለ ቀለም የወረቀት ጥቅል ወደ ሸኚው ይወረውራሉ። አንዱ ጫፍ በተሳፋሪው እጅ፣ ሌላው በሸኚው። መርከቡ ሲርቅ ይበጠሳል። ሴትየዋ ዘንድ የቀረው አረንጓዴ ቁራጭ እስከዛሬ ብስኩት ጣሳ ውስጥ አለ። ያኔ 18 ዓመታቸው ነበር። ወንድማቸው ሲደላደል ትኬት ሊልክላቸው ነበር የተባለው። አልመጣም። እናት ታመሙ። እሳቸው ዓሣ ፋብሪካ ገብተው ዓሣ እየበለቱ ኖሩ፣ ማታ ማታ እናታቸውን እያጠቡ። እናትየው በ1971 ሞቱ።

ከዚያ ውርስ መጣ። በጀርመን ሕግ በመሠረቱ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ያስታመመችውም፣ ባሕር ማዶ ያለውም። ወንድምየው ድርሻዬን አለ። ከደሞዛቸው እየቆረጡ ከፈሉት። ስለዚህ ጉዳይ አላስረዝምም፣ ያልደረሰበት ቤት የለም። ደብዳቤው በዓመት አንዴ ሆነ። አንድ ዓመት ደግሞ ለገና የላኩት ካርድ ሳይከፈት ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔም መጀመሪያ ወሬ እቀይር ነበር። ወንድማቸውን ሲያነሱ «ዛሬ ፀሐይ ወጣች» እላለሁ። አንድ ቀን «ፀሐይዋን በመስኮት አያታለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩም። ያልቅሱ፣ ምን ይሆናሉ? ሶፍት አቀብለሽ ሥራሽን እየሠራሽ ስሚያቸው። በነገራችን ላይ ከልብሽም ቢሆን «ኦማ» (አያቴ) አትበያቸው። እኛ እማማ እንደምንለው አይደለም፣ እዚህ እንደ ንቀት ይቆጠራል። «ፍራው» (ወይዘሮ) ብለሽ በቤተሰብ ስማቸው ጥሪያቸው።

ፍለጋውን ያለፈቃድ እንዳትጀምሪ። እሳቸውን ጠይቂ፣ ፍርድ ቤት የሾመላቸው ተጠሪ ካለም እሱን። የጀርመን ወደብ መዝገብ ላይ ጊዜ አታጥፊ። ከ1908 በፊት የነበረው የብሬመን (ብሬመርሃቨን ያለችበት ግዛት) የተሳፋሪ ዝርዝር ማስቀመጫ ጠበበ ተብሎ ሆን ተብሎ የተወገደ ነው። ያንቺ ሰውዬ ደግሞ የ1950ዎቹ ናቸው፣ አሜሪካ በኩል ፈልጊ። ስም ይቀየራል። ሃይንሪሽ ሄንሪ ይሆናል፣ ሙለር ሚለር። እኔን የጠቀመኝ ግን የአሜሪካ ጋዜጦች የሞት ማስታወቂያ ነው። የሟቹን የትውልድ ከተማ፣ የልጆቹን ስም፣ የሚኖሩበትን ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለት ማታ ኢንተርኔት ላይ ተጥጄ አገኘሁት። ሰውየው ሞተዋል። አንቺም እንዲህ ሊገጥምሽ ስለሚችል መርዶውን ማን እንደሚነግራቸው ቀድመሽ አስቢበት። የኔዋስ ካርዱ የተመለሰ ዕለት ጠርጥረው ነበር።

ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «ጀርመን ያለች እህት» ይላል። ስም የለውም። እንግሊዝኛው እህቱ በሕይወት አለች ለማለት ነው፣ እኔ በዚያች ጀርመንኛዬ «ትቷት የሄደ እህት» ብዬ አነበብኩላቸው። ሳቁ። «እሱማ በ1954 ነው ትቶኝ የሄደው» አሉ።

የልጅ ልጁን በኢሜይል አገኘናት። ጀርመንኛ አትችልም። የሴትየዋ እናት ለልጅቷ አያት የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ፎቶ አንስታ ላከች። ብታይው ፊደል አይመስልም፣ ወረቀት ላይ የተሰለፈ ጉንዳን ነው። ጀርመኖች ድሮ ይጽፉበት የነበረ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ በ1941 ከትምህርት ቤት የቀረ። የዛሬ ጀርመን ወጣትም አያነበው። እሳቸውም ትምህርት ቤት አልተማሩትም፣ ግን የእናታቸውን እጅ እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ያንቺዋም ደብዳቤ ካላቸው አሁኑኑ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርገሽ በስልክሽ ቅጂ። ካልቻሉ ሐምቡርግ ውስጥ ይህን ጽሕፈት የሚገለብጡ በጎ ፈቃደኛ አረጋውያን አሉ።

እኛም እንደዚያ አደረግን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለልጅቷ እልካለሁ። የሥራ ሰዓቴ አልነበረም፣ በዕረፍቴ ነው። አራተኛው ደብዳቤ ላይ ድምፃቸው ቆመ። እናታቸው በ1956 ለወንድማቸው «ለእሷ ትኬት አትላክ፣ ብቻዬን አልችልም» ብለው ጽፈዋል።

ቡና አፍዪልኝ አሉ። አፈላሁ። ምንም ሳይናገሩ ጠጡ። በሳምንቱ ስመጣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አምስተኛውን ደብዳቤ ይዘው ጠበቁኝ። «ያቺን ገጽ ለልጅቷ አትተርጉሚላት» አሉኝ። አልተረጎምኩላትም።