ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አንድ ቀን ካመለጠኝ ስፖርቱን እተወዋለሁ»

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አንድን ሪፖርት አምስት ስድስት ጊዜ ሳላየው ከእጄ አይወጣም። ስፖርት ጭንቀት ይቀንሳል ሲሉኝ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለመሮጥ ወሰንኩ። ግን አንድ ቀን ካመለጠኝ ወይም ሰዓቱ ካልሞላልኝ ሁሉም የተበላሸ ይመስለኝና እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስፖርት ጭንቀትን ማቅለሉ እውነት ነው። እርስዎ ግን በሪፖርቱ ላይ የሚያደርጉትን በሩጫውም ላይ እየደገሙት ነው፦ ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ ይቅር። ስለዚህ ስፖርቱን፣ ያልሞላን ነገር እንዳልሞላ ትቶ ማለፍን የሚለማመዱበት ያድርጉት።

ያወጡት ዕቅድ ራሱ ከልክ ያለፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሩጫን ለመሰለ ጠንካራ እንቅስቃሴ ደግሞ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይመክራል። የእርስዎ 420 ይሆናል! ጀማሪ በዚህ መጠን ሲነሳ ቅልጥሙን ሊታመም ይችላል፤ ከዚያ መቅረት፣ ከዚያ ጸጸት ይከተላል። ቀድሞ «ቢያንስ 10 ደቂቃ በተከታታይ» ይባል የነበረውም ቀርቷል፤ ሰባት ደቂቃም ይቆጠራል።

በሳምንት አራት ቀን ፈጠን ባለ እርምጃ ይጀምሩ። ትንሹ 10 ደቂቃ፣ ትልቁ 30 ይሁን። ደስ ያለዎት ቀን እንኳ ከ30 አይለፉ፤ ዕቅድ በደከሙበት ቀን ብቻ ሳይሆን በበረቱበት ማግስትም ይፈርሳል። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ይሁን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቶሎ ቢያለከልኩ አይደንግጡ። እርምጃ የሚቆጥረውን የስልክ መተግበሪያ ለአራት ሳምንት ያጥፉት።

ዋናው ልምምድ ይኸ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለ20 ደቂቃ ይውጡና ሆን ብለው 17ኛው ላይ ያቁሙ። ከመውጣትዎ በፊት የሚፈሩትን ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ሲከነክነኝ ይውላል»። ጭንቀትዎን እንዳቆሙ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና ማታ ከ10 ነጥብ ይስጡት። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ማታ ሳሎን ውስጥ ሦስቱን ደቂቃ ካካካሱ ግን ልምምዱ ከንቱ ይሆናል፤ አእምሮዎ «የተረጋጋሁት ስላሟላሁት ነው» ብሎ ይማራልና። ያመለጠ ቀንም በማግስቱ አይከፈልም።

ከወር በኋላ ይህንኑ ወደ ቢሮ ይውሰዱት። ለባልደረባ የሚላክ ተራ ኢሜይል አንዴ ብቻ አንብበው ይላኩ። የሒሳብ አሃዝ ማጣራት ስለሚገባው የሚጣሩትን ነጥቦች በዝርዝር ጽፈው በዚያ መሠረት አንዴ አይተው ይዝጉት።

እየታመሙ ከሮጡ፣ ለማካካስ ምግብ ከዘለሉ፣ የወር አበባዎ ከቀረ ወይም ደጋግሞ ማጣራቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ ግን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ለሁለት ሳምንት የዘለቀ ሐዘንም ምርመራ ይፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።