ስለ ዳሌ አጣፊ ጡንቻዎች የጠየቃችሁኝ

ዮጋ ስትሠሩ ዳሌና ብሽሽት ላይ የሚያስቸግራችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ እነዚህን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ ሶአስ የሚባለው ጡንቻ የት ነው? ብነካካም አላገኘሁትም።

መልስ፦ ጥልቅ ነውና አይገርምም። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ትይዩ ካለው አከርካሪ ጀምሮ ከ5ቱም የወገብ አከርካሪዎች ጎን ይነሳል፣ ከአንጀት ጀርባ ወርዶ በብሽሽት ያልፍና የጭን አጥንት ላይ፣ ከላይ በውስጥ በኩል፣ ይያዛል። ስጋ ቤት ፊሌቶ የሚሉት ለስላሳ ስጋ የከብቱ ሶአስ ነው። ከዳሌ አጥንት የውስጥ ገጽ የሚነሳው ኢሊያከስ መንገድ ላይ ይቀላቀለዋል። ጭንን ወደ ሆድ የሚስቡት በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንጃኔያሳና ላይ፣ አንድ ጉልበቴን መሬት አድርጌ፣ በጣም ዝቅ እላለሁ። ብሽሽቴ ግን ምንም አይሰማኝም፣ ወገቤን ነው የሚያመኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ የብዙ ሰው ችግር ነው። ሶአስ ወገብ ላይ ነው የሚጀምረው አልኩ አይደል? ዳሌሽን ዝም ብለሽ ወደ ፊት ስትለቂው ወገብሽ ይለመጣል፣ ዝቅ ያልሽ ይመስልሻል እንጂ ጡንቻው እምብዛም አልተሳበም። ትንሽ ከፍ በይ። የኋላውን እግር መቀመጫ ጭብጥ አድርጊ፤ ከእምብርትሽ በታች ያለውን አጥንት ወደ ጎድንሽ ሳቢው። አሁን ሳትወርጂ እዚያው 5 ትንፋሽ ቆዪ። ብሽሽትሽ ላይ ወዲያው ይሰማሻል ብዬ አምናለሁ። እባካችሁ ጥልቀቱን ተዉትና የዳሌውን አቀማመጥ ያዙ!

ጥያቄ፦ እዚያው ላይ የኋላ እግሬን አጥፌ በእጄ ብይዘውስ?

መልስ፦ ያኔ ይበልጥ የምትስበው ሬክተስ ፌሞሪስ የሚባለውን የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ከዳሌ ተነስቶ ጉልበትንም ስለሚያልፍ፣ ጉልበት ሲታጠፍ የበለጠ ይሳባል። ጉልበትህ ስር ብርድ ልብስ አድርግ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቅርበት።

ጥያቄ፦ ናቫሳና ላይ፣ ተቀምጬ እግሬን ወደ ላይ አንስቼ ስቆይ፣ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ጡንቻዬ አጥሮ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ደክሞ ነው። በጀልባ አቀማመጥ ዳሌ አጣፊዎቹ እግርህን ተሸክመው ይቆያሉ፣ ከባድ ሥራ ነው። ጉልበትህን አጥፈህ ጀምር። ማሳሳብ ላይ ብቻ አናተኩር፣ ማጠንከርም ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ ወደ ፊት ሳጎነብስ ብሽሽቴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ልግፋበት?

መልስ፦ እንዳትገፋ። ስታጎነብስ እነዚህ ጡንቻዎች ያጥራሉ እንጂ አይሳቡም፣ ስለዚህ የሚሰማህ የእነሱ መሳሳብ አይደለም። እግርህን ሰፋ፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። ካልተወህ ወይም ሌሊትም ካመመህ ፊዚዮቴራፒስት ይይህ።