ጥሬው ድምፅ ይቅደም

ለጅማ ወጣት ጊታሪስቶች፣

ከእናንተ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መቀየሪያ) ልግዛ?» የሚል ነው። ፔዳሉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ምን እንደሚል እንስማው። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ድምፅ አሻካሪ ፔዳል የገባለትን ድምፅ አሳድጎ ጫፍ ጫፉን ይቆርጣል እንጂ አይመርጥም። ክሩ ቢንጫጫ መንጫጫቱን፣ ጃኩ ቢያጉረመርም ማጉረምረሙን አብሮ ያሳድገዋል።

ከክር እንጀምር፣ ርካሹ እሱ ነውና። የጅማ ክረምት ለክር አይራራም። እርጥበቱና የእጅ ላብ ሲገናኙ ቀጫጭኖቹ ይዝጋሉ፣ የወፍራሞቹ ጥምጥም በቆሻሻ ይደፈናል። ትሬብሉ (ቀጭኑና ስለታሙ ድምፅ) ይሞታል፤ ቅኝቱም አይጸናም፤ ክፍት ክሩ ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ይዛባል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ክር በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉት። ጊታሩንም እርጥበት በሚስብ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ቦርሳው ውስጥ ይደር። በውፍረት በኩል በ0.009 ኢንች የሚጀምረው ስብስብ ለቤንድ፣ ማለትም ክሩን ገፍቶ ኖታውን ለማንሳት፣ ይቀላል፤ እጁ የሚከብድ ሰው ግን ጠንከር አድርጎ በመታው ቁጥር ኖታው ለቅጽበት ከልኩ ከፍ ይላል። እንዲህ ለሚመታ ሰው 0.010 ይሻላል።

አሁን ካቻቢቴ አንሱ። ብዙ ሰው ፒክአፑን፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔት፣ ጊታሩ ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል፤ በነጻ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ግን እዚያ ነው። ስድስተኛውን (በጣም ወፍራሙን) ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ያዙና ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ጫፍ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) 2.4 ሚሊሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው፤ በአንደኛው (በጣም ቀጭኑ) ክር በኩል ደግሞ 2። ለሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) በወፍራሙ 2.4፣ በቀጭኑ 1.6 ላይ ጀምሩ። ከዚያ ግማሽ ዙር እያዞራችሁ ስሙ። ሲንግል ኮይል በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ስድስተኛው ክር ላይ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ስትወጡ አንድ ኖታ ሁለት ሆኖ እየተወዛወዘ ይሰማል። ስንቱ ነው ይህን ሰምቶ መቃኛውን የረገመ! በጣም ከራቀ ደግሞ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጉልበትም ያጣል። ሃምበከር ሁለት ጥቅል ሽቦ በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝቶ ጉርምርምታውን የሚያጠፋ ፒክአፕ ነው፤ ሴት ላቨር (Seth Lover) የተባለ፣ የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው። የቮልዩም ፖት (ከቁልፉ ሥር ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) የሚቀይር ካለ ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ይግዛ። ቢገለበጥ አንዱ ይደፈናል፣ ሌላው ይጮኻል።

ወደ እጅ እንምጣ። አምፑን ክሊን (ያልሻከረ) አድርጉ፣ ቤዝ፣ ሚድል፣ ትሬብል ሁሉም መሃል ላይ ይሁኑ። አንድ ኖታ ይዛችሁ ከብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት) ሥር እስከ አንገቱ መጨረሻ ድረስ ፒኩን (መምቻውን) ጣት በጣት እያራቃችሁ ምቱት። ብሪጁ ጋ ቀጭንና ስለታም ነው፣ አንገቱ ጋ ወፍራምና ለስላሳ። ይህን ልዩነት ጆሯችሁ ካልለየው የትኛውም የአምፕ ቁልፍ አያስተምራችሁም። ፒኩን ከክሩ ጋር ትይዩ ስትይዙት ምቱ ጥርት ይላል፤ ጠርዙን ስታዘነብሉት ይፋጫል፣ ትሬብሉም ይቀንሳል። የመዳፋችሁን ጠርዝ ብሪጁ ላይ ለዘብ አድርጋችሁ ብታሳርፉ የክራር ዓይነት አጭር ድምፅ ይወጣል፤ አንድ ሴንቲሜትር ወደፊት ብትገፉት ኖታው ይታፈናል። በጭክጭካ ላይ ኮርድ የሚያጥረው ግን በግራ እጅ ነው፦ መትታችሁ ወዲያው ጫናውን ልቀቁ፣ ጣታችሁ ግን ከክሩ አይነሳ። ግራ እጅ ሁልጊዜ ከፍሬቱ ጀርባ ጠጋ ብሎ ይጫን፤ ከራቀ ይንጫጫል፣ ከልክ በላይ ከጨመቀ ኖታው ከፍ ይላል። በትዝታና በአምባሰል እንዲህ ያለ ስህተት አይደበቅም፣ ኖታዎቹ ጥቂት ናቸውና።

ቮልዩም ቁልፉንም 10 ላይ አትቸንክሩት። አምፑ ትንሽ እንዲሻክር አድርጋችሁ ድምፃዊው ሲገባ ወደ 6 አውርዱ፣ ሶሎ ሲደርስ መልሱት። ያለ አንድ ፔዳል ሁለት ድምፅ አገኛችሁ ማለት ነው።

በከተማችን ብዙ መድረክ ላይ አምፕ ስለማይኖር ጊታሩ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይሰካል፤ ድምፁ የሚበላሸውም በዋናነት እዚያ ነው። ፒክአፕ የሚፈልገው አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል መግቢያ ነው፤ የሚክሰር ላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠር ነው፣ የማይኩ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፒክአፑ ይጨነቅና ትሬብሉ ይጠፋል። መፍትሔው አክቲቭ ዲ አይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰሩ የሚያመቻች፣ በኃይል የሚሠራ ሳጥን) ነው፤ እሱ ከሌለ በፈር (ፒክአፑን ከጭነት የሚያድን ሰርኪት) ያለው ማንኛውም ፔዳል መሃል ይግባ። ዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከሪያ) ሲጨመር ሁለተኛ ጣጣ ይመጣል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እየጣለ ይሄዳል፣ የአዳራሹ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሶሎው እንደ ትንኝ ይጮኻል። የካቢኔት ሲሙሌተር (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ) ካላችሁ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ሚክሰሩ ላይ ከፍተኛውን ትሬብል በደንብ ቁረጡ። ትንሽም ብትሆን አምፕ ከተገኘች ግን እሷ ትሻላለች፦ ዳይናሚክ ማይክ ከጨርቁ 3 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ፣ በስፒከሩ እምብርትና በጠርዙ መካከል አቅኑት። ወደ እምብርቱ ሲጠጋ ይስላል፣ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይደበዝዛል። አምፗን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቆማችሁ አትቃኟት፤ ትሬብሉ በጉልበታችሁ በኩል ያልፍና እናንተ ስትጨምሩ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮውን ይይዛል። ወንበር ላይ አውጧት።

ገመድ ሦስት ሜትር በቂ ነው። አንድ ሜትር ገመድ በግምት 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ይይዛል፤ ይህም ትሬብሉን ይበላል፤ አሥር ሜትር ስትዘረጉ ቶን ቁልፉን በከፊል እንደመዝጋት ነው።

የመጨረሻው ነገር ከድምፅም በላይ ነው። ክሩን ስትነኩ ጉርምርምታው በጣም ከቀነሰ የጊታሩ ሽቦ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከውጭ ይመጣል። በጅማ ብዙ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው የግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው) ሽቦ የለም። አምፑ ከአንድ መስመር፣ ሚክሰሩ ከሌላ ሲሰካ ጊታር ይዞ ማይክ የሚጠጋ ሰው ከንፈሩ ላይ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፤ መንዘር ብቻ ሆኖ ላይቀርም ይችላል። ጉርምርምታ ለመቀነስ ብላችሁ የግራውንድ እግሩን ከቶ አትቁረጡ። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ከዚያ ቴስተሩን (ሁለት ጫፍ ያለውን የቮልት መለኪያ) በ250 ቮልት ኤሲ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በክሩ፣ ሌላውን በማይኩ ብረት ላይ አሳርፉ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ ማንም ማይኩን አይንካ።