የኤርብራሽ መቀቢያ ሳጥን ቤት ውስጥ ስትሠሪ፦ መጀመሪያ የአየሩን መንገድ አስቢ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ስኒከርና የሞተር ሄልሜት በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ትቀባለች። ካርቶን ሳጥን ጀርባ ላይ ሁለት የኮምፒውተር ፋን ገጥማ፣ ስፖንጅ አልብሳ ሞክራዋለች። ብናኙ ትንሽ ቀነሰ፤ ሽታው ግን ሳሎን ድረስ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ። «ስፖንጁን ላወፍረው ወይስ ሦስተኛ ፋን ልጨምር?» ትላለች።

ሁለቱም አይጠቅሙሽም እህቴ። እኔም ሄልሜትና ትንንሽ የመኪና ሞዴሎች ቤቴ ውስጥ ስቀባ ዓመታት ሆኖኛል። ነገሩ የጤናም ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከኤርብራሽ ሁለት ነገር ይወጣል፦ ብናኝና ትነት። ብናኙ የቀለም ቅንጣት ነው፤ ፊልትሮ ይይዘዋል። ትነቱ ግን ጋዝ ነው። ስፖንጁን የቱንም ያህል ብታወፍሪው ሰተት ብሎ ያልፋል። እንዲያውም ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ፋኑ አየር መሳብ ያቅተውና ብናኙም ተመልሶ ፊትሽ ላይ ይመጣል። አክቲቭ ካርቦን ትነትን የመያዝ አቅም አለው። ነገር ግን የኩሽና ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠመው ስስ ካርቦን ለቲነር አይበቃም፤ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፤ አየሩ በቱቦ ከቤት መውጣት አለበት። ሳጥንሽ የሳበውን መልሶ ክፍሉ ውስጥ የሚተፋ ከሆነ፣ ሽታው ሳሎን መድረሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ብዙ ሰው ፋን የሚገዛው በዓይኑ መዝኖ ነው። ቀላል ሂሳብ አለው። በሳጥኑ አፍ በኩል የሚገባው አየር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በጣም ካነሰ ብናኙ ወደ አንቺ ይመለሳል። በጣም ከበዛ ደግሞ ፋኑ ይጮሃል እንጂ የተለየ ጥቅም የለውም። የሳጥንሽ አፍ 50 በ40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 0.2 ካሬ ሜትር ነው። በ0.5 ሜትር ፍጥነት ስታባዢው በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 360 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ፊልትሮና ቱቦ ከተገጠመ በኋላ በትክክል መፍሰስ ያለበት ነው። የፋኑ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ፋኑ ምንም ሳያግደው የሚገፋው መጠን ነው። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ተኩል አባዢው፤ 540 ገደማ የተጻፈበት ፈልጊ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚፈጥረው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ፋን አይተሽ ብታመነቺ ትልቁን ያዢ።

ከዚህ ሂሳብ ሌላ ነገርም ይገኛል። የሳጥኑን አፍ ባጠበብሽ ቁጥር የሚያስፈልግሽ ፋን ያንሳል። ሄልሜትና ጫማ ለመቀባት አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን አያስፈልግም። ሄልሜቱን በሁሉም አቅጣጫ ለማዞር የሚበቃሽ ልክ ይበቃል።

የፋኑ ዓይነት ከቁጥሩ እኩል ወሳኝ ነው። የኮምፒውተር ፋን አየር የሚያንቀሳቅሰው የሚያግደው ነገር ከሌለ ነው፤ የመግፋት አቅም የለውም። ከፊቱ ስፖንጅ፣ ከኋላው ቱቦ ስታደርጊበት ይሽከረከራል እንጂ አየሩ አይሄድም። ሦስተኛ ፋን ጎኑ ላይ ብትጨምሪም ያው ነው። የመታጠቢያ ቤት ትንሿ ቬንትሌተርም በአብዛኛው ለዚህ ሥራ አትደርስም። እኔ የምመክርሽ ከኩሽና ጭስ ማውጫ የወጣ ባለ ከበሮ ፋን ነው፤ ያ የአይጥ መሮጫ ጎማ የሚመስለው። በፊልትሮና በቱቦ ውስጥ አየር ለመግፋት የተሠራ ስለሆነ ሲታገድም ይገፋል። ያገለገለ ብታገኚም ችግር የለውም፤ ምናለሽ ተራ አካባቢ ብትጠይቂ አታጪም። ሲዞር ድምፁን አዳምጠሽ ግዢ፤ ከዚያ ቅባቱን በደንብ እጠቢ፣ ሞተሩንም አድርቂ። አዲስ ከሆነ ደግሞ ቱቦ መሀል የሚገባው ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ፋን ጥሩ ነው።

የሞተሩን ነገር ሳልነግርሽ አልፍም። የአቧራ መጥረጊያ ማሽን፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የድሪል ሞተር ለዚህ ሥራ በፍጹም አይሁን። ውስጣቸው በአብዛኛው ካርቦን ብሩሽ ስላለ ሲዞሩ ትነቱን ሊያቀጣጥል የሚችል ብልጭታ ያወጣሉ። የኩሽናው ፋን ሞተር በአብዛኛው ብሩሽ የለውም። ሞተሩ ከአየሩ መንገድ ውጭ የተቀመጠበት ካገኘሽ ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ብዙ ሳጥን የሚበላሸው ቱቦው ላይ ነው። ሰው ጥሩ ፋን ይገዛና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄዶ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይዞ ይመጣል። ይኸው ላስላልሽ። በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ አየር በ110 ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቱቦው ያፏጫል፣ ፋኑ ይጨነቃል፣ የሚወጣው አየርም ይቀንሳል። በ160 ቱቦ ግን ያው አየር በ5.5 ሜትር ገደማ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የአፉ ስፋት በእጥፍ ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ 160 ፒቪሲ ውሰጂ፤ ካልሆነ ላሜራ ሠሪ ጋ ሄደሽ በ15 ሴንቲ ሜትር አስጠቅልዪ። ቲነር የሚያበዛ ሰው ላሜራውን ቢመርጥና ከአርዝ (ከመሬት መስመር) ጋር ቢያስረው ይሻላል። እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው የአልሙኒየም ቱቦ ለመግጠም ይመቻል፤ ግን ውስጡ ሸካራ ነው። የግድ ከሆነ አሳጥሪው፣ እስኪወጠርም ሳቢው። ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) በቀነስሽ ቁጥር ትጠቀሚያለሽ። አንድ ባለ 90 ጎሚቶ ከምታደርጊ ሁለት ባለ 45 አራርቀሽ ብትገጥሚ አየሩ ቀለል ብሎ ይዞራል።

ፋኑን የት ላስቀምጠው ካልሽ፣ መስኮቱ ጋ። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ካደረግሽው ከፋኑ እስከ መስኮቱ ያለው ቱቦ ሁሉ በግፊት ይሞላል። መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለች ትነቱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይወጣል። ፋኑ መጨረሻ ላይ ሆኖ ሲስብ ግን ቀዳዳ ቢኖርም የክፍሉ አየር ወደ ቱቦው ይገባል እንጂ ምንም አይወጣም። ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የተከራየሽው ቤት ከሆነ ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም። ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አውጥተሽ በልኩ ኮምፔንሳቶ አስቆርጪ። ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ አውጥተሽ ዙሪያውን በሲልከን ድፈኚ። ስትለቂ መስታወቱን ትመልሺዋለሽ። የውጭውን አፍ ወደታች አጉብጪው፣ ወንፊት ሽቦም አልብሺው፤ ዝናብና ወፍ እንዳይገባ። አደራ፣ አፉ የጎረቤት መስኮት ወይም ልብስ ማስጫ ላይ አይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በረንዳ ከበረንዳ ይገጣጠማል። ከመሥራትሽ በፊት ጎረቤቶችሽን ብታናግሪ መልካም ነው።

ሳጥኑ ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ካርቶን ይቅር፤ ቀለም ይጠጣል፣ እሳትም ይወዳል። ከላሜራ ብታሠሪው እመርጣለሁ። ኮምፔንሳቶም ነጭ ዘይት ቀለም ከተቀባና በደንብ ከደረቀ ይሠራል። ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ዋናው ምስጢር ፊልትሮውን ከጀርባው ግድግዳ ጋር አለማጣበቅ ነው። ከኋላው 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተዪ፤ ቱቦው ከዚያ ባዶ ቦታ ይነሳ። ያ ክፍተት ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ካለችው ክብ ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ ምንም አይስቡም። ፊልትሮውን ስስና ሰፊ አድርጊው፣ እየሳብሽ የምትለውጪበት ቦይም አብጂለት። የኤሲ ፊልትሮ ጥቅል ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ቀለም ሲይዝ ጣዪው፤ አጥቦ መመለስ አያዋጣም። መብራቱ ኤልኢዲ ሆኖ ከሳጥኑ ውጭ፣ በመስታወት በኩል ያብራ። ማብሪያ ማጥፊያውም ውጭ ይሁን።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር ላይ ደረስን። በሰዓት 360 ሜትር ኩብ የሚወጣ አየር ምትክ ይፈልጋል። 3 በ3 የሆነች መኝታ ቤት ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ በአራት ደቂቃ ውስጥ ያስወጣል ማለት ነው። በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርገሽ ከሠራሽ ፋኑ የሚስበው ያጣል። ስለዚህ ንጹሕ አየር ከጀርባሽ በኩል ይግባ፤ በሩን ገርበብ አድርጊና ሳሎን ያለውን መስኮት ክፈቺ። ያኔ አየሩ ከሳሎን ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሽታው ወደ ሕፃኑ የሚመለስበት መንገድ አይኖረውም። ቱቦው አጠገብ ያለውን መስኮት ግን አትክፈቺ፤ ያስወጣሽውን መልሶ ያስገባዋል።

በዚሁ ምክንያት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋኑ እየሠራ ቤት ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል። ቡና የሚፈላበት ሰዓትና የቀለም ሰዓት ይለያዩ። ፋኑ የከሰሉን ጭስ ከሌላው ክፍል ጎትቶ ወደ አንቺ ያመጣዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። በሌላ በኩል የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ሄዶ እሳት ጋ መድረስ ይችላል።

ስለ እሳት ካነሳን፣ አደጋው የት እንዳለ በቁጥር ላሳይሽ። በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ቶሉይን (ቲነር ውስጥ የሚገኝ ፈሳሽ) ብትረጪ ግማሽ ሊትር ገደማ ትነት ይወጣል። በዚያችው ደቂቃ ፋኑ 6,000 ሊትር አየር ያወጣል። ትነቱ ከአየሩ 0.01 በመቶ ገደማ ነው። ቶሉይን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ለመቀጣጠል 1.1 በመቶ ገደማ መድረስ አለበት። ስለዚህ ፋኑ በደንብ እየሳበ ኤርብራሹ ራሱ እሳት የማስነሳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። አደጋው ያለው ክዳኑ በተከፈተ የቲነር ጣሳ፣ በራሰ ጨርቅ፣ ፋኑን አጥፍቶ ኤርብራሽ በማጠብ ላይ ነው። የምትጠቀሚውን ያህል ብቻ ቀድተሽ ዋናውን ጣሳ ከክፍሉ አውጪው። የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ሊግልና ሊነድ ይችላል፤ ውሃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው። ቀብተሽ ስትጨርሺም ፋኑን ወዲያው አታጥፊው። ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሲደርቅም ትነቱ ይቀጥላል።

ለስኒከር የምትጠቀሚው ውሃ ወለድ አክሪሊክ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀልልሻል። ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ማስክ አይቅር። ለአክሪሊክ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ይበቃል። ለቲነር ግን ኤን 95 ምንም አያደርግም፤ የካርቦን ካርትሪጅ ያለው የጎማ ማስክ ያስፈልጋል። ሽታ መግባት ከጀመረ ካርትሪጁ አልቋል ማለት ነው።

ሄልሜት ላይ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የመኪናውን ባለ ሁለት ውህድ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን አንጸባራቂ ሽፋን)፣ ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን፣ ቤት ውስጥ አትርጪው። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አንዴ ሰውነት ካስቆጣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ሽታውም አስቀድሞ አያስጠነቅቅሽም። ይህን ሳጥን የቱንም ያህል ጥሩ አድርገሽ ብትሠሪው ለዚያ አይሆንም። ስዕሉን ቤት ሥሪ፤ ክሊሩን ትክክለኛ የመቀቢያ ክፍልና የአየር መስመር ማስክ (ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት) ላለው ጋራዥ ስጪ። ሁሌም የማደርገው ይህንን ነው።

ሠርተሽ ስትጨርሺ ቀለም ከመንካትሽ በፊት በሰንደል ፈትሺው። ቲነር በሌለበት ክፍል ፋኑን አብሪና የሰንደሉን ጭስ በሳጥኑ አፍ ዙሪያ ቀስ እያልሽ አዙሪው፤ አራቱንም ማዕዘን፣ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ከሄደ ሠርቷል። የሆነ ቦታ ላይ ተጠማዞ ወደ ውጭ ከወጣ አፉን በላሜራ ቁራጭ አጥብቢውና እንደገና ሞክሪ። ከዚያ ሄልሜቱን መሀል አስቀምጠሽ ድገሚው፤ ዕቃ ሲገባ አየሩ ይለወጣል። ፊልትሮው ሲቆሽሽም በዚሁ መንገድ ታውቂዋለሽ።

መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ግን አየር አለ። ኤርብራሹ ስለሠራ ብቻ አትቀጥዪ፤ አቁሚ፣ ቀለሙን ክደኚ፣ ክፍሉን ለቀሽ ውጪ። ኮምፕሬሰሩንና ፋኑን ደግሞ በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኪያቸው፤ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል።

የመስኮትሽን ስፋትና ከጠረጴዛሽ እስከ መስኮቱ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ጻፊልኝ። ቱቦው ስንት ጎሚቶ እንደሚያስፈልገውና ኮምፔንሳቶው በምን ልክ እንደሚቆረጥ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።