የላይኛው ብረት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ዓመት ጨርሻለሁ፤ አንድ ዓመት ይቀረኛል። ቀድመውኝ የተመረቁት ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል። ዲግሪ ዛሬም ዋጋ አለው ወይስ ትቼው ሌላ ነገር ልሞክር?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀመጥኩ። ብዕሬ ግን ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ልጽፍላቸው ሲገባኝ ዝም ወዳልኳቸው አንድ ፎርማን።

የተዋወቅነው ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው በግንባታ ሥራ ላይ ብቻ ሃያ ዓመት አሳልፈዋል። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት የበረንዳ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለሉን፣ ልንሞላ ተዘጋጀን። በረንዳው ከሕንጻው ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው፤ ከሥሩ ምሰሶ የለውም። እንዲህ ያለው ሶሌታ ክብደት ሲያርፍበት ጫፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የሚለጠጠው የላይኛው ገጹ ነው። አርማታ ደግሞ መጨመቅን እንጂ መለጠጥን አይችልም። ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ ይሆናል። ይህን በፈተና ተጠይቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያን ዕለት ፌሮውን ቆጠርኩ፤ በመካከሉ ያለውን ርቀት ለካሁ፤ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። ሠራተኞቹ ሲመላለሱበት ብረቱን ረግጠው ወደ ታች አስተኝተውት ነበር። ብዛቱ ልክ ነው፣ ውፍረቱ ልክ ነው፣ ቦታው ግን ስቷል። አላየሁትም።

እሳቸው አዩት። አልጮሁም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሳንቃ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። «ልጄ፣ ሰው እዚህ ጫፉ ላይ ሲቆም የሚሰነጠቀው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። «በላይ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ፊቴ ጋለ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው፣ «ኢንጂነሩ ብረቱ ይነሣ፣ ድጋፍም ይግባለት ብለዋል» አሉ። ለብቻችን «አንተ» ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ በሰው ፊት «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ያን በረንዳ ያዳኑት እሳቸው ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ግን የእኔ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ለዲግሪ ጠላቶች ጥሩ ስብከት ይሆናቸው ነበር። ግን ይቀጥላል። ከጥቂት ወራት በኋላ የሕንጻው ባለቤት በሌላኛው ወገን ያሉት በረንዳዎች ከአንድ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይርዘሙልኝ አለ። ፎርማኑ፣ «በግማሽ ካደገ ብረቱንም በግማሽ እንጨምራለን» አሉ። ለዓይን ትክክል ይመስላል። ይሁንና በወጥነት የተሰራጨ ክብደት በተንጠለጠለ ሶሌታ ላይ የሚፈጥረው የማጉበጥ ኃይል የሚያድገው በርዝመቱ ካሬ ነው፤ 1.5 ሲባዛ በ1.5፣ 2.25። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የጫፉ መዝቀጥ ደግሞ የሶሌታው ውፍረት ካልተለወጠ አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስሌቱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና፣ «እስቲ ቀስ ብለህ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በማግስቱ በሁለት ሜትር አስልተው መጡ፤ መልሱ ትክክል ነበር። እሳቸው ብረቱ የት እንደሚሆን ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚሆን ግን አራት ዓመት የተማርኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ዓመታት አለፉና የበርካታ ሳይቶች ተቆጣጣሪ የሚሆን ሰው ተፈለገ። የቅጥር ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ እኔ ነኝ። መስፈርቱ «የመጀመሪያ ዲግሪ» ይላል። ከቅጹ ግርጌ ግን በትናንሽ ፊደል አንድ መስመር ነበረች፦ ከኮሚቴው አባላት አንዱ በጽሑፍ ምክንያት ካቀረበ አመልካቹ በልዩ ሁኔታ ሊታይ ይችላል። የፎርማኑ ማመልከቻ ፊት ለፊቴ ነው። አንድ ገጽ መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልጻፍኩም።

ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለብዙ ዓመታት «አድልዎ እንዳይመስልብኝ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። እሳቸው ያለ ወረቀት እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡ የእኔ ወረቀት ምን ሊባል ነው የሚል ትንሽ ምቀኝነት ነበረችብኝ። ሥራው ከተመረቀ ሁለት ዓመት ለሆነው ልጅ ተሰጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያላወቀውን ሁሉ ፎርማኑን እየጠየቀ ተማረ። እሳቸውም አስተማሩት። እኔን በር ላይ ሲያገኙኝ «መስፈርቱን አንብቤዋለሁ» ብቻ አሉኝ። የንድፍ ወረቀት ሲሰጣቸው ከሁሉ በፊት የግርጌውን ማስታወሻ የሚያነቡ ሰው ነበሩ። ያችን መስመር አንብበዋታል።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የቆየ ክርክር አላቸው። ጋሪ ቤከር (የኖቤል ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው) ትምህርት ሰውን የበለጠ አምራች የሚያደርግ መዋዕለ ንዋይ ነው ይላል። ማይክል ስፔንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ዲግሪ ምንም ባያስተምር እንኳን ለቀጣሪው ምልክት ስለሚሆን ብቻ ደመወዝ ሊያስጨምር እንደሚችል አሳየ፤ እሱም በ2001 ኖቤሉን ተጋራ። ማን ልክ ነው እያሉ የሚከራከሩ ወጣቶች ስሰማ እስቃለሁ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ድርጅት ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ 2.25 ላይ ቤከርን፣ ኮሚቴው ላይ ስፔንስን።

ቁጥር ለምትወዱ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ እ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው መረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መካከለኛ የሳምንት ደመወዝ 1,493 ዶላር፣ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የጨረሰው 899 ዶላር ነበር። ሥራ አጥነቱ 2.2 በመቶ እና 3.9 በመቶ። ልዩነቱን ሁሉ ዲግሪው አመጣው ማለት ግን አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ከመጀመሪያውም ጥሩ ውጤትና ደጋፊ ቤተሰብ ያላቸው ይበዛሉ። «ቀጣሪዎች ዲግሪ መጠየቅ ትተዋል» የሚለውን ወሬም ሰምቻለሁ። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤትና በርኒንግ ግላስ ኢንስቲትዩት በ2024 ባወጡት ጥናት ይህ ለውጥ ዕድል የከፈተላቸው በ2023 ከተቀጠሩት ከ700 ሰው አንድ እንኳን አይሞሉም። ማስታወቂያው ተለወጠ፤ ኮሚቴው ያው ነው። ኮሚቴውን አውቀዋለሁ።

ጀርመኖች በዚህ ያስቀኑኛል። ሙያ የሚማረው ወጣት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል በድርጅትና በሙያ ትምህርት ቤት መካከል እየተመላለሰ ይሠለጥናል፤ ከዚያ አልፎ «ማይስተር» የሚባለውን ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ያገኘ ባለሙያ በአገሪቱ የብቃት ማዕቀፍ 6ኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ያለውም እዚያው ነው። የእኔ ፎርማን እዚያ ቢሆኑ የማንም ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች የምትናደዱብኝን ልናገር፤ ትቸኩላላችሁ። በስድስት ሳምንት ሠርተፍኬት፣ በስድስት ወር አለቅነት ትፈልጋላችሁ። ስሌቱን ለኮምፒውተር ትሰጡና የመለሰላችሁን ሳታዩ ትፈርማላችሁ። ይህን እየጻፍኩ ያ ጠዋት ትዝ አለኝ፤ እኔ ኮምፒውተርም ሳይኖረኝ ሳላይ ፈርሜያለሁ። እንግዲህ ተውት።

የወንድሜ ልጅ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ተከራክሬ ያስቀረሁትም እኔው ነኝ። ወረቀት ሰውን እንደሚበድል በዓይኔ ያየሁ ሰው ለራሴ ቤተሰብ ሲሆን ወረቀቱን መረጥኩ። ፎርማኑም ከእኔ አልተለዩም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደውለው ሴት ልጃቸው የትኛው የትምህርት ክፍል ብትገባ እንደሚሻል አማከሩኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ «ያችን ካሬዋን በደንብ የሚያስተምሩበት የት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ይቅርታው እንደገና ቀረ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ሦስቱ ዓመት ካለፈ አልፏል፤ ለእሱ ብለሽ አትቀጥይ። የሚታሰበው ቀሪው አንድ ዓመት ነው። በገበያው ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ከቀደሙት ይልቅ ደመወዝ ያስጨምራል፤ አጥኚዎች ዲፕሎማ በበግ ብራና ላይ ይጻፍ የነበረበትን ዘመን እያሰቡ «የበግ ቆዳ ውጤት» ይሉታል። ሦስት ዓመት ከፍሎ ያለ ወረቀት መውጣት ከሁሉ የከፋ ግዢ ይመስለኛል። በእረፍትሽ ወራት ግን ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ሂጂ፤ በነጻም ቢሆን። ሕክምና ወይም ሕግ ከሆነ ጥያቄሽ ራሱ አይነሣም፤ ያለ ዲግሪ ፈቃድ የሚሰጥሽ የለም። ሶፍትዌር ከሆነ ሌላ መልስ ልሰጥሽ እችላለሁ።

ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አልጻፍሽውም።