ማታ ማታ ተርቤ ነው የምተኛው

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ለትምህርት ጀርመን ከመጣሁ 5 ቀኔ ነው፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው የምኖረው፣ ደጎች ናቸው ግን ማታ የሚቀርበው ዳቦና ቺዝ ነው፣ "ትበያለሽ?" ሲሉኝ አፍሬ አይ እላለሁ፣ ከዛ ማንም ደግሞ አይጠይቀኝም። ጠልተውኝ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ የኔ እህት፣ አልጠሉሽም። እኛ ጋ እንግዳ "በሞቴ" እየተባለ ይለመናል፣ እዛ ግን አይ ካልሽ አይ ነው፣ ማስገደድ ነውር ስለሚመስላቸው መጀመሪያ ሲጠይቁሽ አዎ በይ። ማታ ዳቦ መብላት የአገሩ ልማድ ነው፣ አቤንትብሮት ይሉታል፣ ብዙዎቹ ትኩስ ምግብ የሚበሉት ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሠርተሽ አብያቸው። ደሞ እንዳትረሺ፣ በገባሽ በ2 ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ፣ ለሱ ቤተሰቡ የሚፈርሙልሽ ወረቀት ስላለ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።